የማርስን ጉድጓድ ስንለቅም

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ተከራይቼ የቀሚስ ጥልፍ እጠልፍ ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከሬዲዮ፣ ከሰው አፍና ስኳር ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ነው። እናም አንድ ጠዋት ጋሽ ምሕረቱ በረንዳዬ ላይ ቁመው ጥልፌን በአጉሊ መነጽር ማየት ሲጀምሩ ቀሚስ ሊገዙ መስሎኝ ወንበር አቀረብሁላቸው። ጋሽ ምሕረቱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ደባርቅ ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ካለ ከክፍል ያስወጡት ነው ይባል ነበር።

«ይኸን መስቀል ስትጠልፊ ክሩን ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ።

«እቆጥራለሁ እንጂ ጋሼ፣ ካልቆጠርሁትማ ይጣመማል።»

«ሲደክምሽስ?»

«ሲደክመኝ አቆማለሁ። ደክሞኝ የጠለፍሁትን በማግሥቱ ስፈታ ነው የምውለው።»

መነጽሩን ኪሳቸው ከተቱ። «ነገ ቤቴ ነይ። የምትለቅሚው ነገር አለኝ» ብለው ሄዱ። ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ የማማክረው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር ሄድሁ።

የሚለቀመው ነገር የማርስ ጉድጓድ ነበር። እንዲህ ስል ዛሬም ሰው ይስቅብኛል፣ እኔም ያን ዕለት ስቄአለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ዳባት ተወልደው፣ በጋሽ ምሕረቱ እጅ ተምረው፣ ኋላ ውጭ አገር ዘልቀው ዶክተር የሆኑ ሰው አሉ። የሚያጠኑት የማርስን ገጽ ነው። ሰው የሌለባት መንኮራኩር ማርስን እየዞረች ከላይ ፎቶ ታነሣለች። ፎቶው እንደ መቀነት ቀጭንና ረጅም ሁኖ ይመጣል። ዶክተሩ ያን ያሳትሙና በካርቶን አድርገው ይልኩልናል፤ እኛ ደግሞ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ እየለየን በላዩ ክብ እናሰምራለን፣ ስፋቱን እንለካለን። ያን ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚታመን ማሽን አልነበረም። የሰው ዓይን ይፈለግ ነበር፣ ያውም የማይቸኩል። ዶክተሩም የቀድሞ አስተማሪያቸውን «ደባርቅ ላይ አንድ ክፍል ይክፈቱልኝ» አሏቸው።

«ጉድጓድ ተቆጥሮ ምን ይገኛል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሽ ምሕረቱ ጥያቄ በጥያቄ መመለስ ይወዳሉ። «ግቢሽን ጠረግሽ። ካፊያ መጣ። ጠብታው አቧራው ላይ ምን ይሠራል?»

«ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል።»

«ካፊያው ሳያቆም ግማሹን ግቢ እንደገና ጠረግሽው። ቆይተሽ ብትመጭ ብዙ ጠብታ የምታይው በየት በኩል ነው?»

«ባልጠረግሁት በኩል።»

«ማርስም እንዲሁ ናት። ብዙ ጉድጓድ ያለበት መሬት ከጥንት ጀምሮ ያልተጠረገ ነው። ጥቂት ብቻ ያለበትን እሳተ ገሞራ ወይ ጎርፍ ኋላ የጠረገው ነው። እኛ ጠብታውን ቆጥረን እንሰጣለን፣ ዕድሜውን እነሱ ያወጡታል።»

ክፍሉ ከጋሽ ምሕረቱ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ። ሦስት ሁነን ሠራንበት፣ እሳቸው፣ እኔና የእህቴ ልጅ ዓይናለም። ዓይናለምን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ለምን እንዳስገባኋት ልናገር፣ ኋላ የመጣው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነውና።

አባቷ መሪጌታ ይባቤ ከተራራው ላይ ጊች የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ደብር ያገለግላሉ፣ ተማሪ ያስተምራሉ። ልጃቸውን ለአንድ የአምቢኮ ገበሬ ዳሯት። ዓመት ሳይሞላ ጥላው መጣች። መታሽ ወይ? አልመታኝም። ሰክሮ ገባ? አይጠጣም። «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ሲሏት «እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አያናግረኝም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ባልየው ትመለስ አለ፣ እሷ አልመለስም አለች። መሪጌታ በሁለቱ መሐል አንድ ውል አሰሩ፤ ደባርቅ ከእኔ ከአክስቷ ዘንድ ሥራ ይዛ እስካለች ማንም አይነካትም፣ ሥራው የቀረ ለት ግን ወደ ባሏ ትመለሳለች። በዚህ ተስማምተው ተነሡ።

«እትዬ፣ ይኸ ሥራ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ በመጣች በማግሥቱ።

«የማርስ ጉድጓድ እስኪያልቅ።»

«ያልቃል?»

«ጋሼ አያልቅም ይላሉ።»

ያን ቀን ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

የዓይናለም ዓይን ከሁላችን የበለጠ ነበር። ዳዊት የደገመችው በልጅነቷ ነው፣ ቤቷ ውስጥ፣ አባቷ ፊት ተቀምጣ። ስኳር የመጣበትን ጋዜጣ ዘርግቼ ሳነብ ከማዶ ሁና ቀድማኝ ትጨርስና ትስቅብኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይም ቦታዋ ሁልጊዜ ከማዶ ነው። ከታላቆቿ ጎን ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ነውር ይመስላታል።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። የሁሉ ነገር ራስ ፀሐይ ነው። ፎቶ ላይ ጉድጓድና ጉብታ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ክብ፣ ግማሹ ብሩህ፣ ግማሹ ጥላ። የሚለያቸው ብርሃኑ የመጣበት ወገን ነው። ጉድጓድ ከሆነ ጥላው ፀሐይ በመጣችበት በኩል ከከንፈሩ ሥር ይተኛል። ጉብታ ከሆነ ጥላው በወዲያኛው ጎን ነው። ሰው ፀሐይዋን ከሳተ አገር ምድሩ ይገለበጥበታል፣ ጉድጓዱ ያብጣል፣ ጉብታው ይሰምጣል። ዓይን ደግሞ የነገሩትን ነው የሚያየው። ፀሐይ በዚህ ነች ከተባለ አምኖ ያንኑ ያያል።

ስለዚህ ጋሽ ምሕረቱ አዲስ ፎቶ ሲመጣ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉታል። ከዚያ ጉልበታቸውን እያመማቸው ይነሡና ጠረጴዛውን ዙረው፣ ጽሑፉ በወጉ በሚነበብበት በኩል ይቆማሉ። ከጠርዙ ላይ ዶክተሩ ለእኛ ሲሉ በአማርኛ ያሳተሙት ቃል አለ፣ «ብርሃን ከግራ» ወይም «ብርሃን ከቀኝ» የሚል። ጣታቸውን አስደግፈው ያነቡታል። በዚያ በኩል በእርሳስ ትንሽ ፀሐይ ይሥላሉ። ፀሐይ ያልተሣለችበት ፎቶ ለእኛ አይሰጥም። እኛም ከተሣለች በኋላ ጽሑፉን ዙረን አናየውም፤ ፎቶውን እያዞርን ፀሐይዋን በግራችን አድርገን እንጀምራለን። ተነሣ ተቀመጥ ማለታቸው ጉልበታቸውን ለማፍታታት ይመስለኝ ነበር። ተቀምጠው ማንበብ ይችሉ የለ።

እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ሰው ያየዋል። በላዩ ግልጽ ላስቲክ ዘርግቼ እኔ አሰምርና ላስቲኬን አነሣለሁ። ቀጥሎ ዓይናለም የእኔን ሳታይ በራሷ ላስቲክ ታሰምራለች። ኋላ ሁለቱን ደርበን ክቡ ከክቡ ላይ ከወደቀ ይታመናል። ያልተማመንንበትን ጉድጓድ ሙሉ ክብ አንሠራለትም፣ ነጥብ በነጥብ እንከበዋለን። ጋሽ ምሕረቱ «ይመስለኛል» የሚል ቃል ሲሰሙ ይቆጣሉ። «መሰለሽ? እንግዲያው ነጥቢው። የተጠራጠርሽውን ደብቀሽ አትላኪልኝ» ይላሉ።

ድንጋዩ ሲወድቅ የሚረጨው አፈር በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ጨረር ይታያል፣ ያ አዲስነቱን ይናገራል። ሁለት ጉድጓድ ተነካክቶ ሲገኝ ከንፈሩ ያልተቆረጠው የኋላው ነው። ትልቁ ድንጋይ ያስፈነጠራቸው ፍርካሾች የሚቆፍሯቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ሞላላ ሁነው እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ይገኛሉ፣ እነሱ አይቆጠሩም። አንዴ እኔና ዓይናለም በጣም የሚያምር ትንሽ ጉድጓድ አግኝተን ደስ ብሎን ለጋሼ አሳየን። በጥፍራቸው ፍቅ አደረጉት። የዝንብ ኩስ ነበር።

ከተማው ሲቀልድብን ኖረ። ሳንቃ በር የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሆነ ዘመድ ነበረን፣ ለገበያ በወረደ ቁጥር በራችን ላይ ቁሞ፦ «እኛ ዋልያ ስንቆጥር ይሸሸናል። እናንተ የተመቸ ነገር አግኝታችኋል፣ ጉድጓድ አይሮጥ» ይለን ነበር።

«ና ቁጠረው እስቲ፣ ይሮጥ አይሮጥ ታያለህ» ትለዋለች ዓይናለም።

ደመወዙ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲዘገይም ጥልፌ ነበረልኝ። አንገትና ዓይን ነው የከፈሉት። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ ስነሣ ግንባሬ ውስጥ ክብ ክቡ ይዞርብኛል። መንገድ ላይ የመኪና ጎማ ሳይ ጥላው በየት በኩል ነው እል ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ሠርተን የጋሽ ምሕረቱ ዓይን ላይ ሞራ ወጣ። ጎንደር ሂደው እንዲገፈፍላቸው ሆነ። ያን ሰሞን ደግሞ ዶክተሩ የአንድ ሰፊ ሜዳ ፎቶ ልከው ነበር፣ ሙሉ ካርቶን። ከካርቶኑ ጋር የመጣው መልእክት ግልጽ ነው፤ ይኸ ሥራ ከተሳካ ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች ክፍሉን ለዓመታት ያስቀጥላሉ፣ ካልተሳካ ግን ይዘጉታል። ጋሽ ምሕረቱ ሲሄዱ «ፀሐይዋን ዓይናለም ትሣል፣ ከሁላችን የእሷ ዓይን ንጹሕ ነው» አሉ። ዓይናለም ከደስታዋ ብዛት እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች።

ጭጋጉ መስኮቱን ደፍኖት በነበረበት ወር ሠራነው። ሜዳው በትንንሽ ጉድጓድ የተሞላ ነበር። ላስቲኩን ስንደርብ ክቡ ከክቡ ላይ ልክክ ይላል። እንዲያ ተስማምተን አናውቅም። አልፎ አልፎ ደግሞ ትልልቅ ጉብታ አለ፣ አንዳንዱም ዙሪያውን የተረጨ ነገር ይታይበታል። ጉብታ እንዴት ይረጫል ብዬ ገረመኝና ነጥብ በነጥብ ከብቤ አለፍሁት። ዓይናለምም ነጥባዋለች። ካርቶኑን አሽገን ላክን።

በፋሲካ ሰሞን ዶክተሩ ራሳቸው መጡ። ከጎንደር በሚኒባስ፣ ጋሽ ምሕረቱን ይዘው፣ ተራ ሲጠብቁ ቆይተው የተገፈፈላቸው የጋሼ አንድ ዓይን ገና በፋሻ እንደተሸፈነ። ሰላምታ ሲሰጡን ፊታቸው ላይ ድካም ይታይ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ላስቲኬን ደረቡበት።

«እትዬ ስንዱ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ጉድጓድ።»

«ፀሐይዋ ከየት ናት?»

«ከግራዬ፣ ይኽችውና» አልሁ፣ የእርሳሷን ፀሐይ በጣቴ እያሳየሁ።

ላስቲኩን አነሡና ፎቶውን አዞሩት፣ ጽሑፉ ወደ እኔ ቀጥ እስኪል ድረስ። «አሁን ያንብቡልኝ።»

«ብርሃን ከግራ» ብዬ አነበብሁ። የእርሳሷ ፀሐይ በቀኜ ነበረች።

ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥሁት። በፊቴ ያለው ሜዳ እያየሁት ተገለበጠ። ያን ሁሉ ሳምንት ጉድጓድ ብዬ የለቀምሁት ሁሉ እንደ ፈላ ገንፎ አረፋ ወደ ላይ ተነሣ። ጉብታ ብዬ የተውሁት፣ ያ ርጭት ያለበት፣ ቀስ ብሎ ሰመጠ።

«ነጥቦቹ ባይኖሩ እኔም አልነቃም ነበር» አሉ ዶክተሩ። «የነጠባችሁት ጉብታ ሁሉ ርጭት ሲኖረው ነው የጠረጠርሁት። ያልገባኝ ሌላ ነው። አንድ ፎቶ ቢሆን መዘንጋት እንለዋለን። ሁሉም ላይ ነው በተቃራኒው የተሣለው። ሰው ዝም ብሎ በግምት ቢሥል እንኳ ግማሹን ያገኘው ነበር።» ወደ ዓይናለም ዞሩ። «ሳታነቢ ነው የሣልሽው?»

«አንብቤ ነው።»

«ግራሽ የቱ ነው?»

ግራ እጇን አነሣች። ትክክል ነበር።

«ሥሪና አሳይን» አሉ ጋሽ ምሕረቱ። «እንደምትሠሪው አድርገሽ።»

ዓይናለም ያልተሣለበት ፎቶ አነሣችና ጽሑፉን ወደ ጋሽ ምሕረቱ አዙራ ዘረጋች፤ ከታላቅ ሰው ፊት ሌላ አዘረጋግ አታውቅም። ከማዶ ቦታዋ ተቀመጠች። ፊደሉ ለእሷ ተዘቅዝቋል፤ እሷ ግን መዘቅዘቁን አላየችውም። አንድም ሳትደናቀፍ «ብርሃን ከግራ» ብላ አነበበች። በግራዋ በኩል ባለው ጠርዝ ላይም ፀሐይዋን ሣለች።

ጋሽ ምሕረቱ በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቁና ወዲያው ተዉት። «ፊደል ያስቆጠረሽ ማነው?»

«አባቴ።»

«ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ።»

«አዎ። መጽሐፉ አንድ ነበር።»

«እኔም እንዲሁ ነው የተማርሁት፣ ከየኔታ ማዶ» አሉ። «መጽሐፉ የቄሱ ፊት ነው የሚዘረጋው፣ ልጁ ከማዶ ሁኖ ፊደሉን ተዘቅዝቆ ይለምደዋል። ከለመደው ወዲያ ቀጥ ያለና የተዘቀዘቀ ለዓይኑ አንድ ነው። ማስተማር በጀመርሁ ዓመት ካርታውን ከማዶ እያነበብሁ ምሥራቁን ምዕራብ ብዬ ተማሪ ስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ ዙሬ ሳልቆም ግራ ቀኝ የሚል ነገር አላነብም።» ፋሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ስዞር ሁልጊዜ ታዩኝ ነበር። የምዞርበትን ግን አልነገርኋችሁም።»

ዶክተሩ ፎቶዎቹን ሰበሰቡ። ከዚያ ያለውን ነገር አስረዱን። ሥራውን ክረምቱ እንደወጣ ማቅረብ አለባቸው። እስከዚያ እንደገና ከተሠራ ያስቀጥላሉ፤ ካልተሠራ ግን ክፍሉን ለማዳን የእሳቸው ቃል አይበቃም። ይኸን ሲናገሩ ዓይናለም ተነሥታ ወጣች። ተከተልኋት። ከግቢው ጥግ፣ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ቁማለች።

«እትዬ፣ ዕቃዬን ልሰር?»

አቅፌ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እኔ ካለቀስሁ እሷ በዚያው ትሄዳለች። «እሰሪ» አልኋት። «መጀመሪያ ግን ላስቲኩን እጠቢ፣ ነገ እንፈልገዋለን።»

ቁጭ ብላ ሳሙናና ጨርቅ ይዛ ያን ሁሉ ክብ ስታጠፋ ዋለች። የሳምንታት ሥራ ሰማያዊ ውኃ ሁኖ በቦዩ ሄደ።

የዚያን ክረምት ድካም ዛሬም ትከሻዬ ላይ አለ። መብራት ይጠፋል፣ ዝናቡ መስኮቱን ያጨልመዋል። ጋሽ ምሕረቱ ፀሐይዋን መሣል በአንድ ዓይናቸው ጀመሩ፤ አሁን ግን ዓይናለምንም እኔንም ከጎናቸው አቁመው ነው፣ ሦስታችንም ጽሑፉን በአንድ ድምፅ ካነበብን በኋላ። ዓይናለም ከማዶ ወንበሯ ተነሥታ ከጎኔ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰሞን ክርኗ በነካኝ ቁጥር ይቅርታ ትለኝ ነበር።

ወሬ ወደ ጊች በበቅሎ ነጂ አፍ ይወጣል። ሥራው ተበላሽቶ ቀረ የሚል ነበር የደረሰው። በነሐሴ መሐል መሪጌታ ይባቤ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ሦስታችንም ተነሣን። ዓይናለም ጉልበታቸውን ስማ ቆመች።

«ሥራው ቀርቷል አሉኝ» አሉ።

«አልቀረም፣ መሪጌታ። እያረምነው ነው» አልሁ።

«ጥፋቱስ የእሷ ነው ይላሉ።»

ጋሽ ምሕረቱ ወንበር ሳቡ። «ይቀመጡ የኔታ። ከማዶ አይደለም፣ እዚህ ከእኔ ጎን።»

አስቀመጧቸውና ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ነገሯቸው። መሪጌታ ሰምተው አልጠገቡም፣ ፎቶውን አሳዩኝ አሉ። ከወዲህ ሁነው አዩት፣ ዙረው ከወዲያ አዩት። ተመልሰው መጡና እንደገና አዩት።

«መሪኅ የሚባለው ኮከብ ነው ይኸ?»

«እሱ ነው።»

«ከወዲህ ጉድጓድ፣ ከወዲያ ጉብታ።» ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ለልጃቸው ቀስ ብለው እንዲህ አሏት፦ «ሁለተኛ መጽሐፍ ቢኖረኝ ከጎኔ አስቀምጥሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ባሏ በቅሎ ጭኖ ሰጥቶኛል፣ ይዣት እንድመለስ። ከመናኸሪያው አጠገብ አስሬአታለሁ።»

ዓይናለም ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይኸ የምታርሙት መቼ ያልቃል?» አሉ ወደ ጋሽ ምሕረቱ ዙረው።

«ለመስቀል እናደርሳለን። ከተወደደልን ሌላ ይመጣል።»

«ካልተወደደስ?»

«ካልተወደደ ይዘጋል፣ የኔታ። እኔ አልዋሽዎትም።»

መሪጌታ ተነሡ። «እንግዲያው ሥራው አልቀረም። ውሉ ሥራው ሲቀር ነው ይላል» አሉ። «በቅሎዋን ባዶዋን እመልሳለሁ።»

«ሰውየው ቢቆጣስ?» አልሁ።

«ይቆጣ። ጥፋቱ የመጣው ከማን ወንበር እንደሆነ እነግረዋለሁ።» ልጃቸውን ባርከው ወጡ። ዝናቡ እስኪያባራ ይቆዩ ብንል እሺ አላሉም። እንደዚያ ርሰው ወደ ሳንቃ በር መንገድ ሲወጡ በመስኮቱ አየናቸው። ዓይናለም ወደ ፎቶው ተመለሰች። ያን ቀን ከሰዓት ያሰመረችውን ሳየው አንድም በነጥብ የተከበበ ጉድጓድ አላገኘሁም።

ለመስቀል አደረስን። ከዚያ የመጠበቅ ወራት መጣ። ጥልፍ ብይዝ እጄ አልሆን አለ። ዓይናለም በየቀኑ ክፍሉን ትጠርጋለች፣ የተጠረገውን መልሳ ትጠርጋለች። ታኅሣሥ ላይ ጋሽ ምሕረቱ ቴሌ ሂደው ከዶክተሩ ጋር ተነጋግረው መጡ። በሩ ላይ ቁመው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «ሌላ ካርቶን መንገድ ላይ ነው» አሉ። ዓይናለም መጥረጊያውን ይዛ ቁጭ አለች።

የአምቢኮው ሰው አንድ ዓመት ጠበቀ። ኋላ ሽማግሌ ሰብስቦ በይፋ ፈታትና ሌላ አገባ። ያ ክረምት ባይሳካ ኖሮ በዚያች በቅሎ ላይ ትሄድ ነበር። የሰው ሕይወት እንዲህ በአንድ ክረምት ነው የሚወሰነው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ክፍሉ ብዙ ዓመት ቆየ። ጋሽ ምሕረቱ ሁለተኛው ዓይናቸውም ሲፈዝ ከጎናችን ተቀምጠው «ፀሐይ ከየት ናት?» እያሉ በጆሮ ይጠብቁን ነበር። አንድ ጾም ላይ አረፉ፣ ደባርቅ ሁሉ ወጥቶ ቀበራቸው። ከሳቸው በኋላ አለቃችን አዲስ አበባ የሚቀመጥ ወጣት ሆነ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ፊት ለፊት ያየሁት ግን አንዴ ብቻ ነው። ወረቀቱ ቀርቶ ኮምፒዩተር መጣ። ክቡን በእጅ መሥራት ተትቶ በጣት መጫን ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ወጣቱ ደውሎ ማሽኑ አሁን ራሱ ይለያል አለኝ። ማሽኑን ያስተማሩትም እኛ ለዓመታት ባሰመርነው ክብ እንደሆነ ነገረኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ መሰለኝ። ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም። ደክሞኝ ነበር። ኮምፒዩተሩን ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ቁልፉን ለጋሽ ምሕረቱ ልጅ መለስሁ። ዛሬ መርፌ ቀዳዳ ክር አይገባልኝም። አንገቴን ወደ ግራ ሳዞር ይጮኻል።

ዓይናለም ያን ጊዜ በማታ ትምህርት አሥረኛን ጨርሳ የመሬት ቅየሳ ተምራ ነበር። መንግሥት የገበሬውን ማሳ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ላይ እያሰመረ የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር ቀጠሯት። አንድ በጋ ከባልደረቦቿ ጋር ወደ አምቢኮ ተላከች። የቀድሞ ባሏ ከማሳው ዳር ከሚስቱ ጋር ቁሞ ጠበቃት። ጎረቤቶቹን ጠርታ ድንበሩን አስማማች፣ አሰመረች። ደብተሩ ላይ ስሙን ጻፈች፣ ከጎኑ የሚስቱንም ስም ከራሷ ጠይቃ ጻፈች። ሁለቱንም አስፈረመችና ወደሚቀጥለው ማሳ ሄደች።